በየሁለት ሰዓቱ

ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። የነርሲንግን ደጃፍ ሳትረግጥ ስሙ ቀድሟት ደርሷል። ጣቱን የቆረጠው፣ ራሱን ያዞረው ሁሉ «ሲስተርን ጥሩልኝ» ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። የስሙ ባለቤት ግን ያን ዕለት ረፋድ ላይ የኮሌጁ ሬጅስትራር መስኮት ፊት ቆማ የሴሚስተሩን ውጤት አየች። ሁለት ነጥብ አራት። ነርሲንግ ክፍል የሚቀበለው ደግሞ ከሁለት ነጥብ ሰባት አምስት ጀምሮ ነው። ኬሚስትሪ ጉድ ሠርቷታል።

የሬጅስትራሯ ሴትዮ ክፉ ሰው አልነበረችም። ፊቷን አይታ አንድ ፎርም በመስኮቱ አሾለከችላት።

«ከክፍል የቀረሽው ቤት በሽተኛ እያስታመምሽ ከሆነ ይሄን አስሞልተሽ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት አምጪ፣ ውጤትሽ በልዩ ሁኔታ ይታይልሻል። ነገ ነርሲንግ የገቡት ዝርዝር ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ የለም።»

«እናቴ ብትፈርምልኝስ?»

«በሽተኛው ራሱ ነው የሚፈርመው። ስልክም ደውለን ከራሱ አፍ እንሰማለን። ውሸታሙ በዛብን፣ ምን እናድርግ ብለሽ ነው እናቴ።»

ውሸታም የምትለዋ ቃል ለእሷ በልኳ የተሰፋች መሰላት።

አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከጣለው ሰባት ወር ሆነው። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው «በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ገላቸው ይቆስላል» ብሎ ነበር። እናቷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትውለው፤ አንድ ቀን ብትቀር ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ልጅቱም አባቷን «የጠዋቱ ክላስ ወደ ማታ ዞሯል» አለቻቸው። ለአንድ ሳምንት ብላ ነበር። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፤ ሳምንቱ ሴሚስተር ሆነ። የኬሚስትሪ ደብተሯን ከኋላ በኩል ገልብጣ ሰዓት ትመዘግብበት ጀመር፦ ሁለት ሰዓት ግራ፣ አራት ሰዓት ቀኝ፣ ስድስት ሰዓት ግራ። ከኋላ የተጻፈው ከፊት ከተጻፈው በለጠ። የአባቷ ገላ ግን አንድም ቦታ አልተላጠም።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቤት ደረሰች።

«እህ፣ ሲስተርዬ! ምን ተገኘ?» አሉ አባቷ። ንግግራቸው ይጎተታል እንጂ ጨዋታቸው አልታመመም።

«ዝርዝሩ ነገ ነው የሚወጣው፣ አባዬ።»

አገላበጠቻቸው፣ አበላቻቸው፣ አፋቸውን ጠረገች። ፎርሙን ሦስት ጊዜ ከቦርሳዋ አውጥታ ሦስት ጊዜ መለሰችው። ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና አገላበጠቻቸው። ኮሌጁ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጨክና፣ ፎርሙን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም።» በደህናው እጃቸው እጇን ያዙ። «ጣራው ላይ አፍጥጬ ምን እንደማስብ ታውቂያለሽ? ሠላሳ ዓመት ስነዳ አንድ ሰው ገጭቼ አላውቅም። ዶሮ እንኳ! ከተኛሁ ወዲህ ግን እናትሽን አደከምኳት። ክላስሽ ወደ ማታ ባይዞርልሽ ኖሮ አንቺንም ገጭቼሽ ነበር። አንቺን እንዳልገጨሁ ሳስብ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በሌላ በምንም አይደለም።»

ልቧ ፎርሙን ስጪው ይላታል፣ እጇ እምቢ አለ።

«ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

«ረሳሁት።»

«ይቺ ናት ነርስ! ብቻ መቀስ የሰው ሆድ ውስጥ እንዳትረሺ» ብለው በአፋቸው አንድ ጎን ሳቁ። እሷም አብራቸው ሳቀች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ አውቶቡሱ በመንገዱ ሲያልፍ ሰማችው። አልተነሳችም። ከእንግዲህ ሲስተር ብሎ የሚጠራት ሁሉ የሚሰድባት እንደሚመስላት አወቀች። ይህን ለማን ይሉታል? ለእናቷ እንኳ ብትነግር እናቷ ለአባቷ አትደብቅም። በቃ፣ አለቀላት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ክንዷን ከአባቷ ትከሻ ሥር አስገባች፤ ጉልበታቸውን አጠፈች፤ በቀስታ አዙራ ጀርባቸውን በትራስ ደገፈች። ደብተሩን ስትከፍት የመጨረሻው ገጽ ሞልቷል። ፎርሙን ገለበጠችና በባዶው ጀርባ ላይ ጻፈች፦

አሥር ሰዓት፣ ግራ።