የማረሻ ፓርቲ በሙሉ ድምፅ

«የተከበራችሁ የዞን ኮሚቴ አባላት፣» አሉ ሊቀመንበሩ ሐጂ አብዱልጀሊል፣ ከምንጣፉ ተነሥተው የኮታቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆልፈው። «ስብሰባችንን ከመክፈቴ በፊት በጥልቅ ኀዘን የማሳውቃችሁ ነገር አለ። ስኳር አልቋል።»

ከሚሴ በዚያ የሙቀት ሰዓት ኮት የሚያስለብስ አገር አልነበረም። ሐጂ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የግብርና ባለሙያ ነበሩና ያለ ኮት ስብሰባ ከፍተው አያውቁም። ምክትላቸው አብዱልጀባር፣ የእህል ነጋዴው፣ መራራውን ሻይ ፉት አለና፣ «ለዓላማ ሲሉ ከዚህ የባሰ የጠጡ አሉ» አለ።

ረቢአ ብርጭቆዋን ሳትነካ አስቀመጠችው። ስኳሩ አልነበረም ያሳሰባት። አጀንዳውን ከትናንት ጀምሮ ታውቀዋለች። አንዋር ሊባረር ነው።

ፓርቲው በምዝገባ ላይ ረጅም ስም አለው፤ ሰው ግን በምርጫ ምልክቱ «ማረሻ» ይለዋል። ዓላማውም ከስሙ ያጠረ ነው፤ የጨፋ ሸለቆ የአራሽ ነው፣ ከብት አይግባበት። አርቢዎቹም በበኩላቸው «በሬ» የሚባል ፓርቲ አላቸው። የሚመራው ጨፋ ሮቢት አጠገብ የሚኖረው ዩሱፍ ነው። እነሱ ደግሞ ሸለቆው የከብት ነው ይላሉ። ሁለቱም ፓርቲዎች እስከ ዛሬ አንዲት ወንበር አላገኙም። በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ ልዩነት የላቸውም።

አንዋር ያጠፋው ጥፋት በዘንድሮው ምርጫ ከዩሱፍ ጋር ጥምረት እንፍጠር ማለቱ ነው። በማረሻ ደንብ ደግሞ አባል የሚባረረው በሙሉ ድምፅ ነው። ከተከሳሹ እጅ ሌላ አንዱ እንኳ ካልወጣ ሰውየው ይቀራል። የተባረረ እንደሆነ ግን ከአባልነቱ ጋር ሰላምታውም ይቋረጣል። ባለፈው ዓመት የተባረሩት መምህር ገበያ ውስጥ ሲመጡ ረቢአ ከምትሸጠው ሻሽና ሽርጥ መሐል ዞራ ግድግዳ ታያለች። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። እሳቸው አልፈው እስኪሄዱ ታየዋለች።

አንዋርን ግን ግድግዳ አይታ አታልፈውም። ባልዋ የሞተ ጊዜ፣ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ከጋራዡ በዘይት እጁ እየመጣ በረንዳዋ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ እሱ ነበር። «በርቺ» እንኳ አይልም። ይቀመጥና ይሄዳል። እሷም ያን ሰሞን ሌላ አልፈለገችም።

«አንዋር፣» አሉ ሐጂ፣ «ባለፈው ሮብ ዩሱፍ ቤት ገብተሃል?»

«ገብቻለሁ።»

«ተቀምጠሃል?»

«ቆሜ ላውራ እንዴ ሐጂ? ታኢ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ።»

«ወተትስ?»

አንዋር ጥቂት አሰበ። «ሁለት ኩባያ።»

«አስተግፊሩላህ!» አለ አብዱልጀባር።

«ሁለተኛውን ግድ ብለውኝ ነው።»

ትንሿ የኮሚቴ አባል ፈይሩዝ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል በሳል ሸፈነችው። የክሊኒክ ነርስ ብትሆንም ሳሉ አልተዋጣላትም።

«ስሙኝማ፣» አለ አንዋር። «ምልክታችን ማረሻ ነው። ምልክታቸው በሬ ነው። እኔ ባጃጅ ነው የምጠግነው፣ እርሻ አላውቅም። ግን ማረሻ ያለ በሬ ሲሄድ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝና አሁኑኑ ልውጣ።»

«በምልክት አትቀልድ!»

«ወላሂ አልቀለድኩም፣ አብዱልጀባር። ገበሬው እኮ እነሱ ያረቡትን በሬ ጠምዶ ነው የሚያርሰው። ከብቱም ከአጨዳ በኋላ የኛን አገዳ ነው የሚበላው። መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ተስማምተን፣ አንድ ላይ ሆነን ብንወዳደር ማን ይሞታል?»

ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ ሲያደርጉ ነው የሚያስፈሩት። «ልጄ፣ ዛሬ ወተት ነው። ነገ ግጦሽ ነው። ከነገ ወዲያ እኛ ማን እንደሆንን የሚነግረን ሰው ፈልገን እናጣለን። ጥቂት ነን፣ እውነት ነው። ግን ንጹሕ ነን።»

«ንጽሕናችንን ማን አየልን ሐጂ? የመረጡን እኮ ዘመዶቻችን ናቸው። እነሱም ሁሉም አይደሉም። የርስዎ ወንድም እንኳ በሬውን ነው የመረጡት።»

«ወንድሜ ማንበብ አይችልም!»

«ሥዕል እኮ ነው፣ ሐጂ።»

አብዱልጀባር ጉልበቱ ላይ ተደግፎ ወደ ሁሉም ዞር ዞር ብሎ አየ። «እኔ የምለው አንድ ነው። ከነዚያ ሰዎች ጋር የሚያገናኘው ነገር የሌለው ሰው እጁን ለማውጣት አያመነታም። የሚያመነታ ካለ፣ ለምን እንዳመነታ እንጠይቀዋለን።»

ረቢአ የሻሿን ጫፍ ያዘች።

የሚያገናኛት ነገር አላት። ባልዋ በሞተ ማግሥት የሚጠብቅላት ሰው ያጣችላትን ላሟን፣ እንደ አገሩ ልማድ ለዩሱፍ ወንድም ርቢ ሰጥታለች። አርቢው ይጠብቃል፣ ያግዳል፣ ያልባል፤ የሚወለደው ለሁለት ይሆናል። ደሴ የሚማረው ልጇ የሚማረው በሻሽ ንግድ ብቻ አይደለም። በየስብሰባው «ከብት ከሸለቆው ይውጣ!» እያለች ከሌሎቹ ጋር ስትጮኽ፣ በልቧ አንዲትን ላም ትለያለች። ይህን አንዋርም አያውቅም። ብትነግረው ኖሮ ምን እንደሚል ታውቃለች፤ «እኔስ ምን አልኩ ታዲያ?» ይላት ነበር። ለዚህ ነው ያልነገረችው።

«ድምፅ እንስጥ፣» አሉ ሐጂ። «አባላችን አንዋር ከፓርቲያችን ይሰናበት የምትሉ።»

የራሳቸውን እጅ ቀድመው አወጡ። አብዱልጀባር ሁለቱንም ማውጣት የሚፈቀድ ቢሆን ያወጣ ነበር። ፈይሩዝ ጣራውን እያየች፣ መርፌ እንደሚወጋ ሰው ከንፈሯን ነክሳ አወጣች።

የቀረችው ረቢአ ናት። አንዋር አላያትም። ቢያያት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ምንጣፉ ላይ የወደቀች የሻይ ቅጠል በጣቱ እያነሣ ነበር፤ ጉዳዩ የሌላ ሰው ይመስል።

«እት ረቢአ?» አለ አብዱልጀባር። «አመነታሽ እንዴ?»

«ኧረ እኔ!»

እጇን አወጣች። ከትከሻዋ ከፍ አላለም፤ ግን ተቆጠረ።

«በሙሉ ድምፅ፣» አሉ ሐጂ፤ ሲሉትም ፊታቸው አልበራም። «አልሐምዱሊላህ፣ አንድነታችን ተጠብቋል።»

አንዋር ተነሣ። የሻይ ቅጠሏን ሰሐኑ ላይ አስቀመጠ። «እንግዲህ ደህና ዋሉ፣» አለ። የሚመልስለት አልነበረም። ሰላምታው ተቋርጧል። ረቢአ አፏ ውስጥ የደረሰውን «ደህና ዋል» መልሳ ዋጠችው። እሱ ወደ በሩ ሄደና ጎንበስ ብሎ ከጫማዎቹ መሐል የራሱን መፈለግ ጀመረ።

በዚህ መሐል የዩሱፍ ሚስት ዙቤይዳ ከውጭ መጣች። ከሚሴ ውስጥ ወተት ስታዞር የማያውቃት ቤት የለም፤ የማረሻ ፓርቲ ሰዎች ግን መንገድ ላይ አይተዋት አያውቁም ነበር። እስከ ደረቷ ድረስ አቧራ ለብሳለች፣ ከጨፋ በእግሯ እንደመጣች ያስታውቃል። እቅፏ ውስጥ አፉ በቅጠል የተከደነ ቅል አለ። አንዋርን አልፋ ደፉ ላይ ቆመች። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ስለገባች ማን የት እንደተቀመጠ ገና አልለየችም።

«አሰላሙ አለይኩም!» አለች እየሳቀች። «የምሥራች! ላሚቱ ወለደች! እንገሩን ይኸው!»

እንገር ይዞ ለመጣ ሰው ለምሥራቹ ቀድሞ የሚመልሰው ባለላሙ ነው። ሌላው ቆየት ብሎ ነው ደስታውን የሚገልጸው።

«ምስር ብዪ!» አለች ረቢአ። አንደበቷ ከሐሳቧ ቀደመ።

ግን ብቻዋን አልነበረችም። «ምስር ብዪ!» ያሉት አራቱም ናቸው፣ በአንድ አፍ። ሐጂ አብዱልጀሊል ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ወደ ቅሉ ዘርግተዋል። «ቡሬዋ ናት?» አለ አብዱልጀባር። «ሴት ጥጃ ነው የወለደችው?» አለች ፈይሩዝ፣ እሷም በጉልበቷ ተነሥታ።

የሐጂ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። አብዱልጀባር ምንጣፉን ያይ ጀመር። ዙቤይዳ ቅሉን እንዳቀፈች አራቱን ፊት በየተራ አየች፤ ባለላሙን ብታውቅም በሌሎቹ ፊት መስጠቱ ጨነቃት።

በሩ ላይ አንዋር አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ ከትቶ ቀና ብሎ ነበር። ያልመለሰ እሱ ብቻ ነው። ላም የለውም።