ሦስተኛው «ደህና ነሽ?»

ነጭ መኪና፣ በጥቁር መረሬ... እስከ ሆዱ ሰጥሞ፣ ጎማው ጭቃ እያላመጠ፣ ጭሱ እያስነጠሰው።

እንደዚያ ነበር አመጣጣቸው፣ የወንጌል እንግዶቹ። በሐምሌ! በሐምሌ መረሬ ላይ መኪና ይዞ የሚመጣ ወይ ሰካራም ነው ወይ ፈረንጅ።

ወረዱ ስምንት ሆነው፣ ሁሉም ቢጫ ካናቴራ ለብሰው... ያለ ወሩ እንደ ፈነዳ አደይ።

ፈተና ነው አሉ።

በሬዎቼን ጠምጄ ጎትቼ አወጣኋቸው። በረከት ነው አሉ። በሬዎቹን ያመሰገነ ግን የለም።

ፊደል አልለየሁም እኔ። ሰው ግን እለያለሁ።

ክርስቶስን ሊያስተዋውቁኝ ነው የመጡት... እኔን! በሰማንያ ቀኔ የተጠመቅሁትን፣ ማተቤ አንገቴ ላይ ያረጀውን። እንግዳ አይሰደብም... ፊት ለፊት።

ጠዋት ይዘምራሉ። ከሰዓትም እየዘመሩ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ይቀባሉ። አምና የመጡት ሰማያዊ ቀብተውት ነበር፤ የዘንድሮዎቹ በላዩ ቢጫ ደረቡበት። ግድግዳው ወፈረ፤ ጣሪያው እንደሆን ዛሬም ያፈስሳል።

ዝናብ ደበደባቸው፤ ፈተና። አባራ፤ በረከት። ሆዳቸውን ቆረጣቸው፤ ፈተና። ሽንት ቤቱ ቅርብ ሆነ፤ በረከት።

ለእኛ ዝናብ ዝናብ ነው። ሆድም ሆድ ነው።

በአራተኛው ቀን «የታመመ ይምጣ» ተባለ። ምራቴን፣ ደብሪቱን ይዤ ሄድኩ። ስምንት ወሯ ነው። ፊቷ አብጧል፣ እግሯ ሲነኩት ይሰረጉዳል፣ ዐይኗ ላይ ዝንብ የመሰለ ነገር ይዞርባታል። ልጄ ለቀን ሥራ ቆላ ሲወርድ «እማዬ፣ አደራ» ብሎኝ ነው የሄደ። ያንን አደራ ይዤ ነው ሰልፍ የቆምኩት።

ነርሷ ራሔል የሚሏት ቀጭን ፈረንጅ ናት። አስተርጓሚው ቃለአብ ነው፣ የከተማ ልጅ፣ ጫማው እንዳይነካበት እንደ ሽመላ እየመረጠ የሚረግጥ።

«ደህና ነሽ?» አለቻት፣ በእርሱ አፍ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ደብሪቱ፣ አንገቷን ሰብራ።

ምን ትበል ታዲያ? ቤቱ የተቃጠለበትም ሰው ቢሆን ይመስገን ነው የሚለው።

ቃለአብ ገለበጠው። ነርሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። የሆነ ነገር ተናገረች። ጻፈች።

«ምን አለች?»

«ምንም ሳይኖራቸው ደስተኞች ናቸው፣ ይህ በረከት ነው አለች፣ እማማ። የሚቀጥለው!»

ደስተኞች!

«አንተ» አልኩት። «እናትህ ደህና ነሽ ስትባል ምን ትላለች?»

«ይመስገን ትላለች።»

«ስትታመምስ?»

ጫማውን ዐየ። «...ይመስገን ትላለች።»

«ታዲያ ምኑን ነው የገለበጥኸው? ገልብጠህ ልትደፋት ነው? ንገራት ለዚያች ልጅ። አንደኛው ደህና ነሽ የእግዜር ነው። ሁለተኛው የጎረቤት ነው። ሦስተኛው ነው የራስ። ሦስቴ ሳይጠይቁ ምን ሐኪም አለ!»

ነገራት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ተነሣች ከወንበሯ፣ ተንበረከከች ጭቃው ላይ፣ በራሷ አፍ፣ በተሰባበረ አማርኛ፦

«ደህና ነሽ?»

«ይመስገን።»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና።»

«ደህና... ነሽ?»

ደብሪቱ ዞራ ዐየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት።

«አይደለሁም» አለች። «ይጨልምብኛል። ራሴ ሊፈነዳ ነው።»

ነርሷ ክንዷን አስራ የደም ግፊቷን ለካች። ዐየችው። ደግማ ለካች። ከዚያ ጮኸች... መዝሙሩ ቆመ፣ ቀለሙ ቆመ፣ ቢጫዎቹ ሁሉ ሮጡ ወደ መኪናው። ደብሪቱን አስገቧት፣ ወደ ከተማው ሆስፒታል።

መረሬው ያዘው። እንዴት አይይዘው!

በሬዎቼን ጠመድኩ። ከኋላ ገፉ ሁሉም፤ ቃለአብም ገፋ፣ ከነጫማው። ፈተና ነው ያለ የለም። በረከት ነው ያለ የለም። «ግፋ!» ብቻ ነበር፣ በሁለት ቋንቋ።

በአራት ቀን ውስጥ የሚረባ ጸሎት የሰማሁባቸው ያኔ ነው።

ዘጠኝ ቀን ወሬ የለም። ዘነበ፣ ዘነበ... የግድግዳው ቢጫ ተላጠ፣ ሰማያዊው ወጣ። ደህና ነሽ ይሉኛል ጎረቤቶቼ። ይመስገን እላለሁ። አደራው እንደ ድንጋይ ደረቴ ላይ ተቀምጦ፣ ይመስገን እላለሁ።

በአሥረኛው ቀን...

መኪና፣ በመረሬ... እስከ ሆዱ ሰጥሞ፣ ጎማው ጭቃ እያላመጠ። ነጭነቱ ወዴት ገባ? ጥቁር ነው፣ እንደ መሬቱ፣ እንደ በሬዎቼ። በመስኮቱ ደብሪቱ ትታየኛለች፣ እብጠቷ ጎድሎ፣ ድመት የምታክል ሴት ልጅ ታቅፋ። ጩኸቷ ግን የድመት አይደለም፤ የእኔ ነው።

ወረደች ነርሷ፣ በባዶ እግሯ፣ ጭቃውን እየቀዘፈች። አስተርጓሚ አልተከተላትም።

«ደህና ነሽ?»

አንቺ ትለኛለች፣ እኔን! ስንት ዓመት የኖርሁትን!

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ።»

አልሄደችም። ቆመች፣ ጭቃው እስከ ባቷ፣ ዐይን ዐይኔን እያየች።

«ደህና ነሽ?»

ባሌ ከሞተ ወዲህ ሦስተኛውን የጠየቀኝ የለም።

«ጉልበቴን» አልኳት። «ጉልበቴን ያመኛል...

በሬዎቹን ዛሬ አንቺ ጥመጂ።»