የፍሪሲዮኑ ፔዳል

"እርገጪ" አለ ባሏ ከመኪናው ሥር።

ረገጠች። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ሳያንገራግር ወለሉ ድረስ ሰመጠ።

"ያዢው... እሺ፣ ልቀቂ።"

በእግሯ ጣቶች ከሥር ደግፋ መለሰችው። ከጧት ጀምሮ ሥራቸው ይኸው ነው። ከትናንት በስቲያ መኪናው መሀል መንገድ ላይ ማርሽ አልገባም ብሎ ሲቆም፣ የዕለቱ የኩላሊት እጥበቷ ቀረ። ባሏ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከፔዳሉ በላይ ያለውንም፣ ማርሽ ሳጥኑ ላይ ያለውንም የፍሪሲዮን ሲሊንደር እዚሁ ግቢያቸው ውስጥ ፈታቶ በአዲስ ቀየራቸው። የቀረው ፔዳሉ እስኪጠጥር ድረስ ዘይት መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነበር፤ እሱ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው።

ጭኗ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ነርሷ ነበረች።

"እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ እንዳይቀሩብኝ። ማሽኑን ለዘጠኝ ሰዓት ይዤልዎታለሁ፤ ካለፈ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው። እግርዎ አብጧል?"

"ትንሽ።"

"ትንፋሽዎስ?"

"ደህና ነኝ፣ ልጄ።"

ጫማ እንቢ ስላላት ባዶ እግሯን ነበር የተቀመጠችው።

"ሰባት ሰዓት ላይ ከወጣን እንደርሳለን" አለ ባሏ ከሥር። ሆስፒታሉ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አውቶቡስ ትታለች፤ መጨረሻ የተሳፈረች ቀን ራሷን ስታ ተሸክመው ነው ያወረዷት።

ሦስት ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሲመለሱ እሷ ኋላ ወንበር ላይ ትጋደማለች፣ እሱ በመስተዋት እያያት ይነዳል። በማግስቱ አልጋ ላይ ትውላለች። ከዚያ ደግሞ ተነሺ ነው። ባለፈው ወር "ይብቃኝ" ብላው ነበር። "ይሄ ነገር አፍሽ ላይ እንዳይለምድብሽ" ብሎ ወጣና መኪናውን ሲያጥብ ዋለ።

"እርገጪ።"

ረገጠች። ፔዳሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ እግሯን መልሶ ገፋት። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና የረገጠች ሴት ናት፤ ከእግሯ ሥር ያለ ነገር ሲሠራ አይጠፋትም። ስትለቀው ራሱ ተመለሰ።

"አረፋው ጠፍቷል" አለ ባሏ። ድምፁ ከጧት ጀምሮ እንዲህ ቀልሎ አያውቅም። "ጠጠረልሽ?"

የመኪናው ሰዓት ስድስት ተኩል ይላል። ገብቶ አንዴ ቢረግጠው መጠጠሩን ያውቃል። ግን በአርባ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ዋሽታው ስለማታውቅ፣ ወጥቶ አያረጋግጥም።

"ሰማሽኝ? ጠጠረ ወይ?"

"ገና ነው" አለች። "እንደ ጥጥ ነው።"

ከሥር መፍቻውን መሬት ላይ ሲጥለው ተሰማ።

"እንግዲያው የላይኛው ሲሊንደር ነው" አለ። "እንደ አዲስ ፈትቼ ካላየሁት አይሆንም። ሰዓቱ ሊያልፍብን ነው፣ የኔ እናት።"

"ይለፍ" አለችና እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። "ቀስ ብለህ ፍታው።"