ከዚህ ክፍል አይወጣም

ሚጢጢ የሆዷን የምታወራው አያቷ ልብስ ሲተረትሩ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ አያት ዓይናቸውን ከስፌቱ አያነሱማ። ቀና ብለው ካዩዋት አለቀ፤ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ “ምንም አልሆንኩም” ትልና ብድግ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

አንድ ቀን የጎረቤት ቀሚስ ወገቡን ሊያሰፉ በምላጭ ሲተረትሩ፣ ልጅቷ ክር እየለቀመች፣

“እምዬ፣ ምሳዬን ሽንት ቤት ነው የምበላው” አለች።

ምላጩ ጣታቸውን ለጥቂት ሳተው። ዓይናቸውን ግን አላነሱም።

“ከማን ጋር?”

“ሽንት ቤት ደግሞ ከማን ጋር ይበላል? ብቻዬን ነዋ! አጠገባቸው ስቀመጥ ይነሳሉ። ለማንም እንዳትነግሪ። ሚጢጢ ትሙት በዪ።”

“ሚጢጢ ትሙት! ከዚህ ክፍል አይወጣም።”

ቃሉ ሦስት ቀን ቆየ። አያትየዋ እህል አልወርድ አላቸው፤ ማንኪያ ባነሱ ቁጥር ያች ልጅ ከነምሳ ዕቃዋ ከሽንት ቤት በር ጀርባ ትታያቸዋለች። በአራተኛው ቀን ለልጃቸው፣ ለሚጢጢ እናት፣ ሹክ አሉ። “እንዳላወቀ ሁኚ፤ ዝም ብለሽ እቀፊያት” ብለው አስማሏት። እናትየዋም ማለች። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዳ የመምህሩን ጠረጴዛ ደበደበች።

መምህሩ ደግ የሠራ መስሎት ልጅቷን ክፍሉ ፊት አቆማትና፣ “ከዛሬ ጀምሮ ከእሷ ጋር ምሳ የሚበላ ማነው?” ብሎ ጠየቀ። አንድም እጅ አልወጣም። ከሰዓት ላይ ስም ወጣላት፤ ወይዘሪት ሽንት ቤት።

ቤት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

“ለማን ነው የነገርሽው?”

“መምህሩ አይቶሽ ይሆናላ” የሚል ውሸት ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጡት።

“ለእናትሽ። ጨንቆኝ ነው፣ ሆዴ።”

“አንቺ ጨነቀሽ፣ ቆሜ የተሳቀብኝ እኔ! ሚጢጢ ትሙት ብለሽ አልነበር? ይኸው ሞተችልሽ!”

ክፍሏ ገብታ በሩን ጠረቀመችው። አያትየዋ ንዴታቸውን ይዘው፣ ጩኸቱን ሰምታ ብቅ ያለችው ልጃቸው ላይ ዞሩ።

“ምለሽልኝ አልነበር ወይ?”

“አንቺስ ለእሷ አልማልሽም?” አለች እናትየዋ።

አያትየዋ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ጠዋት ልጅቷ ጫማዋን ስታስር ቀስ ብለው ተጠጓት።

“ዛሬ በምሳ ሰዓት ልምጣ?”

“አትምጪ።”

“ከግቢው ውጪ እንኳ…”

“እምዬ፣ አትምጪ አልኩ!”

ስድስት ሰዓት ሲሆን አያትየዋ ሹራባቸውን ደርበው፣ ጫማቸውን አድርገው እስከ በሩ ሄዱ። በሩ ሥር ካለው ዱካ ላይ ቁጭ አሉ። ልባቸው አስፋልቱን ተሻግሮ ትምህርት ቤቱ ደርሷል፤ እሳቸው ግን ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰባት ሰዓት እስኪሞላ ከዚያች ዱካ አልተነሱም። እንዲህ ያለ ረጅም ሰዓት አሳልፈው አያውቁም።

ስትመለስ አልጠየቋትም። ውሃ አቀረቡላት። ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

“ዛሬም እዚያው ነው የበላሁት” አለች። “ለእናቴ ትነግሪያታለሽ?”

“ሳልጠይቅሽ አልነግርም። መነገር ያለበት ከመሰለኝ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ።”

“አላምንሽም።”

“እውነትሽን ነው” አሉ አያትየዋ።