ርካሿ አልቃለች

ሾፌር ሲከራከር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጅቡቲ ከተማ መዳረሻ ላይ፣ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት ፔካ 12፣ በበለጡ ምግብ ቤት የተመገበ ሰው ያውቀዋል። አንዱ እጁን ሳይታጠብ፣ ሌላው ጉርሻውን እንደያዘ፣ የቻይና መኪና ይሻላል፣ የለም የአውሮፓው ይሻላል ሲባባሉ ምሳው ይቀዘቅዛል። "የቻይናው ዕቃ የትም ይገኛል" ይላል አንዱ። "የትም ስለሚሰበር ነዋ!" ይለዋል ሌላው፤ ከዚያ ሳቅ ነው። በዚያ ሰሞን ግን ክርክሩ ስለ መኪና አልነበረም፤ ስለ ስኩተር ነበር። ወጣት የሚፈነጭባት ስኩተር እንዳትመስላችሁ። ወንበር ያላት፣ አራት ጎማ ያላት፣ በባትሪ የምትሄድ፣ መራመድ ለተሳነው ሰው የተሠራች ናት።

የምትገዛው ለበለጡ ባል ለሙላው ነው። ሙላው በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ተሳቢ እየነዳ ወጣትነቱን የጨረሰ ሰው ነው። ባለፈው ጥቅምት እዚያው ፔካ 12 ጭነቱ ላይ ወጥቶ ሸራ ሲያስር ገመዱ ተበጠሰና በጀርባው ወደቀ። ያን ሁሉ ገደልና ቁልቁለት በሰላም ያለፈ ሰው ከቆመ መኪና ላይ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። ምን ይባላል! ከዚያ ወዲህ እግሮቹ አልታዘዙለትም።

ሐኪሙ በፈረንሳይኛ የተናገረውን ለበለጡ ያስተረጎመችላት ወዳጇ ኡሙልኸይር ናት፤ የሐረር ልጅ፣ የጨርቅ ነጋዴ። ሙላው ከውስጥ ተኝቷል፤ እነሱ ኮሪደር ላይ ቆመዋል።

"ከእንግዲህ አይራመድም ነው የሚለው" አለቻት ኡሙልኸይር።

"እስከ መቼ?" አለች በለጡ።

ኡሙልኸይር ይህን ለሐኪሙ አልተረጎመችለትም። የበለጡን እጅ ያዘች፤ በለጡም ገባት።

የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ክፉ ወሬ ለዘመድ ይነገራል እንጂ ለባለቤቱ አይነገርም። የሾፌሮቹ ሽማግሌ ጋሽ ባንቴ በለጡን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ስሚ ልጄ፣ ሰው የሚድነው በተስፋ ነው፤ አፍሽን ያዢ" አላት። ያዘች። ጋሽ ባንቴ ግን የራሱን አፍ የሚይዝ ሰው ስላልነበር፣ ወሩ ሳያልቅ ከፔካ 12 እስከ ሞጆ ያለ ሾፌር ሁሉ ሰማ። የማያውቀው ሙላው ብቻ ሆነ። ሊጠይቀው የገባ ሁሉ "አይዞህ፣ ለገና ትነሳለህ" ይለው ነበር። ገና ሲያልፍ "ለፋሲካ" ተባለ። ፋሲካም አለፈና ግንቦት ገባ፤ ሙቀቱ ጓዳውን ያፍነው ጀመር። በለጡ ምሳ እያቀረበች፣ ከሰው ጋር እየሳቀች ነገሩን በሆዷ ይዛ ዋለች፤ ሆድ ደግሞ ዕቃ ቤት አይደለም፣ ያማል።

ስኩተሯን ያመጣት የሾፌሮቹ መዋጮ ነው። አዋጡና ጋሽ ባንቴ ገንዘቡን ለበለጡ ሲሰጣት፣ "ጥሩዋን ግዥ፤ ቤሳ እንዳታተርፊ" አላት። ሻጩም ተገኘ። የኡሙልኸይር የእህት ልጅ ባሺር፣ የድሬዳዋ ተወላጅ፣ ጅቡቲ ከተማ መሐል፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ሱቅ አለው። ሱቁ ውስጥ ያሉትን የሦስት ስኩተሮች ፎቶ በስልክ ላከ፤ ከዚያ በኋላ ሙላው ስልኩን ከእጁ ማን ይንጠቀው! ጎማ ያያል፣ ሞተር ያያል፣ ክብደት ያያል። ፊቱ ላይ የድሮው ሙላው ተመለሰ።

ርካሿ ፎንግዳ ትባላለች። መካከለኛዋ ቶርቫ ናት። ውዷ ደግሞ ኖርዴክ፤ እሷ ጎማዋ ድፍን ነው፣ አይፈነዳም። ፍሬኗ እጅ ሲለቃት ራሱ ይይዛል። ባትሪዋም ሙቀት ይችላል። ዋጋዋ ግን የፎንግዳን ሦስት እጥፍ ነው።

"ቶርቫን ተያት" አለ ሙላው አልጋው ላይ ተደግፎ። "ዋጋዋ የኖርዴክ፣ ባትሪዋ የፎንግዳ ነው። ክርክሩ በሁለቱ መካከል ነው።"

"እንግዲያ ኖርዴክን እንግዛ" አለች በለጡ።

"ለምን ሲባል?"

"ጥሩ ናት ብለሃል እኮ!"

"ጥሩማ ጥሩ ናት። አሥር ዓመት ለሚነዳት ሰው ከነዋጋዋ ርካሽ ናት፤ ይህን አልክድም። እኔ ግን ለስንት ጊዜ ነው? ለስድስት ወር፣ ቢበዛ ለዓመት። ለኪራይ ቤት እምነበረድ የሚያነጥፍ ማን ነው? ፎንግዳን እንግዛ፤ የተረፈውን አገር ቤት ለሚማረው ልጃችን እንላክለት። ስነሳ ደግሞ ለሌላ በሽተኛ እሰጣታለሁ።"

በለጡ ምን ትበል? ሒሳቡ ልክ ነው። የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የደበቀችው ራሷ ናት። "ኖርዴክ ትሻላለች" ብላ በደገመች ቁጥር ዓይኑን አጥብቦ ያያታል፤ ነገሩ እንዳይገባው ትሰጋለች። ፎንግዳን እሺ እንዳትል ደግሞ የአምቡሊ ሰፈሩን ዓብዱሰመድን ታውቀዋለች። ዓብዱሰመድ ፎንግዳ ነበረችው። ባለፈው ሐምሌ፣ በቀትር፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በተከተተበት ሰዓት ባትሪዋ ሞቶ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ሲያገኙት ራሱን ስቶ ነበር፤ ሁለት መዳፎቹ የጋለው ብረት ላይ ተልጠዋል። እና ሙላውን እዚያች ላይ ልታስቀምጠው ነው? እሷ ወጥ ስታማስል እሱ ፀሐይ ላይ እንዲቀር? ኧረ አታድርገው!

እናም በለጡ ዘዴ ፈለገች። ሚኒባስ ተሳፍራ ብቻዋን ባሺር ጋ ሄደች።

"ነገ ይዤው እመጣለሁ" አለችው። "ስንመጣ ርካሿ አልቃለች በለው። ሱቁ ውስጥም አትታይ።"

"አቦ፣ ነጋዴ ርካሽ ዕቃ ሲደብቅ የመጀመሪያዬ ነው" አለ ባሺር እየሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው። "ይሁን፣ በለጡ። ይሁን።"

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ባንቴ በመኪና አደባባዩ ድረስ አደረሳቸው። በለጡ ሙላውን በውሰት ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች፣ ገንዘብ መንዛሪ ሴቶች ቦርሳቸውን ታቅፈው በተቀመጡበት ጥላ ሥር አለፈች። ከመካከላቸው አንዷ፣ ማይሙና የምትባል አሮጊት፣ የባሺርን ሱቅ ደጃፍ ይዛ የኖረች ናት። ወንበሩ እንዲያልፍ እግሯን ሰበሰበችና "እንኳን ደህና መጣችሁ" አለች በአማርኛ።

ሙላው ተላጭቷል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ከጥቅምት ወዲህ ለጉዳይ ከቤት ሲወጣ የመጀመሪያው ነውና ሙሽራ ይመስል ነበር።

ባሺር ኖርዴክን መሐል ወለሉ ላይ አውጥቶ ጠበቃቸው። ሙላው በወንበሩ ዞሮ አያት፤ ጎማዋን ጨመቀ፣ ፍሬኗን ሞከረ፣ ወንበሯን ዳበሰ። "የሠራት ሰው እጁ ይባረክ" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ፎንግዳስ?" አለ።

"ርካሿ አልቃለች፣ ሙላው።" ባሺር ይህን ሲል መሬት መሬት ያያል። ነጋዴ ሆኖ ውሸት አያውቅበትም፤ ጉድ እኮ ነው!

"መቼ ትመጣለች?"

ባሺር ይህን አልተዘጋጀበትም። "በሚቀጥለው ኮንቴይነር… ወር ከምናምን ይሆናል" አለ።

በለጡ አሁን "እንግዲያ ይህችኑ" ይላል ብላ ጠበቀች። ሙላው ግን ፈገግ አለ።

"ታዲያ ምን ችግር አለው? ወር እጠብቃለሁ። እንዲያውም ደግ ሆነ። ከወር በኋላ ማን ያውቃል፣ ጭራሽ ላያስፈልገኝ ይችላል። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በለጡ? ሳልነግርሽ ቆይቼ ነው። ሌሊት ሌሊት አንቺ ስትተኚ የቀኝ እግሬን አውራ ጣት እለማመዳለሁ። አልተንቀሳቀሰም፤ ግን ሊንቀሳቀስ ሲል ይታወቀኛል።" ወደ ባሺር ዞረ። "ወንድሜ፣ ስላደከምንህ ይቅርታ። በይ ግፊኝ፣ እንሂድ።"

በለጡ የወንበሩን መግፊያ ጨበጠች። እጆቿ ግን አልገፉም። ከሙላው ማጅራት ላይ የቀረችውን የሳሙና አረፋ አየች፤ ጠዋት ሲላጭ ሳያጥባት የቀረች ናት። ከወር በኋላ ሌላ ወር ይመጣል። ከዚያም ሌላ። ይህ ሰው ጨለማ ጓዳ ውስጥ የሞተ ጣቱን እየለመነ፣ እሷም አጠገቡ የተኛች መስላ፣ ዕድሜያቸው ሊያልቅ ነው። ይሄ ማዘን ነው? ይሄስ ክፋት ነው!

ዞራ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች።

"ሙላው" አለችው። "ርካሿ አላለቀችም። ደብቀህ ያዝ ብዬው ነው።"

"ለምን?"

"ስለማትጠቅምህ። ለወርም ለዓመትም አይደለም የምንገዛው። ሙላው፣ ከእንግዲህ አትራመድም።"

እንዲህ ብላ ነገረችው። ሽማግሌ አልተሰበሰበ፣ ዘመድ አልተጠራ፤ በሱቅ መሐል፣ በጠራራ ቀን፣ ብቻዋን።

ሙላው የተሳሳተች ሕፃን እንደሚያይ አያት። "ማን ነው ያለው?"

"ሐኪሙ።"

"መቼ?"

"ያን ጊዜ። በጥቅምት።"

"ማን ማን ያውቃል?"

በለጡ ለመዋሸት አፏን ከፈተች፤ ውሸት አልወጣ አላት። "ሁሉም ሰው" አለች።

"ጋሽ ባንቴም?"

"አዎ።"

"ለፋሲካ ትነሳለህ ያለኝ ባንቴ?"

"አዎ፣ ሙልዬ።"

"እና አንቺም እያወቅሽ፣ ጠዋት ጠዋት 'ዛሬ እንዴት አደረልህ?' ስትይኝ የነበረው… እያወቅሽ ነው?" ድምፁ ተሰበረ። "እንደ ሞኝ ጠቦት! እንደ ሕፃን! በለጡ፣ ሌላው ቢያታልለኝ ሌላ ነው፤ አንቺ?"

"ፈርቼ ነው" አለች። "ይህን ፊትህን ማየት ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ሙላው ከሆዱ ጥልቅ በወጣ ድምፅ ጮኸ፤ በለጡ በኖረችበት ዘመን ከእሱ ሰምታው የማታውቀው። በሁለት እጁ ጭኖቹን መታ፤ አልተሰማውምና እንደገና መታ። ባሺር ሮጦ እጁን ሊይዝ አለና ተወው። ሄዶ የሱቁን መዝጊያ ገርበብ አደረገ፤ ጫማውን አውልቆ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ጩኸቱን ሰምታ ማይሙና ገባች። የገንዘብ ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ፣ ሌላ እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ "ምነው ልጆቼ? ማን ሞተባችሁ?" አለች።

 ባሺር አቀረቀረ። የመለሰላት ሙላው ነው።

"እግሮቼ ናቸው፣ እናቴ" አለ በሻከረ ድምፅ። "የሞቱት በጥቅምት ነው። መርዶው የደረሰኝ ዛሬ ነው።"

ሌላ ሰው ቢሆን አብዷል ብሎ ይወጣ ነበር። ማይሙና ግን አልደነቃትም። ብዙ ቀብራለች መሰለኝ። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ "አላህ ሰብሩን ይስጥህ፣ ልጄ" አለችው። ለቅሶ ቤት እንደሚባለው ነው ያለችው፤ ጨምራም ሌላ አልተናገረችም። ለማጽናናት "ትድናለህ" ያላለችው ሰው ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች፤ ያን ሲሰማ ሙላው ይበልጥ አለቀሰ። በለጡም አለቀሰች። ካየኝ ይጠረጥራል እያለች በጭስና በሽንኩርት ስታመካኝ የቆየችውን እንባ ፊት ለፊቱ፣ ጉልበቱ ላይ ተደፍታ አፈሰሰችው።

ባሺር ውኃ አመጣ። ገዢ መጥቶ ሲያንኳኳ "ዝግ ነው" እያለ መለሰ። እንዲህ ሆነው ብዙ ተቀመጡ፤ ጋሽ ባንቴ ውጭ መኪናው ውስጥ እየጠበቀ ክላክስ ቢያደርግም የሰማው የለም።

በመጨረሻ ሙላው ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ኖርዴክ አሁንም መሐል ወለሉ ላይ ቆማለች። ለረጅም ጊዜ አያት፤ ጠዋት ያያት ዓይነት አስተያየት አይደለም።

"ባሺር" አለ። "ይህች ስንት ዓመት ትቆያለች ነው ያልከኝ?"

"አቦ፣ በደንብ ከያዝካት አሥር ዓመት።"

ሙላው በሆዱ ቆጠረ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። እናቱ ሰማንያ አልፋ ነው የሞተችው፤ አባቱም በሕይወት አለ።

"አሥር ዓመት አይበቃኝም" አለ።

 በለጡ ቀና ብላ አየችው፤ ከእንግዲህ የሚመጣውን ዘመን ሁሉ ፊቱ ላይ ሲዘረጋበት አየች፤ ዓይኗን ግን ከእሱ አልነቀለችም። እሱም እጁን ሰደደና እንባ ያጣበቀውን ፀጉሯን ከግንባሯ ገለጥ አደረገላት።

"እንግዲህ ይህች ስታረጅ ሌላ እንገዛለን፣ በለጡ" አላት።

"እንገዛለን" አለችው።