የግራኝ ቋጠሮ

"ይቁረጡትና እሳት ውስጥ ይጣሉት" አለች ግሌኒስ፣ ቢላዋውን ከጠረጴዛው አንስታ በቀኝ መዳፉ ላይ እያስቀመጠችለት። "ይህን መቀመጫ ዳግመኛ ማየት አልፈልግም።"

ክላይቭ ፓይበስ ቢላዋውን ወደ ግራ እጁ አዛወረው እንጂ አልቆረጠም። የተቀደደውን ወንበር ጭኑ ላይ ገልብጦ የመቀመጫውን ሥር ይዳስስ ጀመር። በስድስት ዓመቱ ኩፍኝ ዓይኑን ከወሰደበት ወዲህ፣ ሰባ ዓመት ሙሉ፣ ዓለምን የሚያያት በጣቶቹ ነው። እንጀራውንም የሚያበሉት እነሱ ናቸው። በዚህ የታዝማኒያ ጠረፍ፣ መቀመጫው ራታን ከሚባል ሐረግ በተላጠ ልጥ የተጠለፈ ወንበር ሲቀደድ ሰው ሁሉ ይዞ የሚመጣው ወደ እሱ ነው፤ ደንበኛ የሚቀበለውም ከቤቱ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ እርጥብ ልጥ በተነከረበት ባልዲ አጠገብ ተቀምጦ ነው።

ግሌኒስ ሁለት ወንበር ነው ያመጣችው። አንዱ የተቀደደው፣ ሌላው ደህናው፤ ደህናው ለናሙና ነው። አራቱ እቤት ቀርተዋል። ስድስቱም ባለፈው ወር የተቀበረው የአባቷ የሮይ ናቸው።

"ደህናውን ይንኩት እስቲ፣ ሚስተር ፓይበስ። አርባ ዓመት ተቀምጠንበታል፣ አንድ ልጥ አልላላም። እናታችን በሞተች በዚያ ክረምት ነው አባባ በእጁ የሠራቸው። መጠጡን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ጋራዥ ውስጥ በሩን ዘግቶ።"

"ጥሩ ሥራ ነው" አለ ክላይቭ።

"ጥሩ ብቻ? እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የለም። አይቀየሙኝና፣ እርስዎም ቢሆኑ እንዲህ መሥራትዎን እንጃ።"

የክላይቭ ልብ ቅቤ ጠጣ። ሰው በገዛ ስሙ ሲመሰገን አቀርቅሮ "አመሰግናለሁ" ይላል፤ በሌላ ሰው ስም ሲመሰገን ግን ምን እንደሚባል ማንም አላስተማረውም። ያ ደህናው ወንበር የገዛ ሥራው ነውና።

ለማወቅ ሁለተኛ መዳሰስ አላስፈለገውም። ክላይቭ ግራኝ ነው። ከመቀመጫው ሥር ልጡን ሲቋጥር ጫፉ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይዞራል። ሌላ ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ ለእሱ ግን ፊርማ ነው። የተቀደደው ወንበር ቋጠሮዎች ግን ሁሉም ወደ ቀኝ ዞረዋል፤ ወፋፍራሞች ናቸው፣ ጀልባ ማሰር የለመደ ሰው የቋጠራቸው።

በዚያ ክረምት ሮይ አንድ ቅዳሜ፣ ልጆቹ ኳስ ሜዳ ሳሉ፣ መቀመጫቸው ገና ያልተጠለፈ አምስት ወንበሮች በጭነት መኪናው ጭኖ መጥቶ ነበር። ከሚሠራበት የወረቀት ፋብሪካ እረፍት ወስዶ፣ ፊቱን ተላጭቶ። ሳሙና ሳሙና ይሸት እንደነበር ክላይቭ እስከ ዛሬ ያስታውሳል።

"አንዱን ጨረስኩት" አለው ያኔ። "ግን አላማረም። የቀሩትን አልችልም፣ ክላይቭ። ልጆቹ ደግሞ ስድስቱንም እሠራለሁ ስል ሰምተውኛል። አንድ ቀን እንኳ የጀመርኩትን ስጨርስ ይዩኝ።"

"አትንገርብኝ ነው የምትለው?"

"እስክትሞት።"

"እሺ፣ እስክሞት አልናገርም" አለ ክላይቭ። ያን ክረምት ሙሉ በሩ ላይ ሮይ የተወለት የተፈለጠ እንጨትና በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ ይጠብቀው ነበር።

"ይህ የተቀደደውስ?" ብሎ ጠየቃት አሁን።

"እሱማ የስካሩ ነው" አለች፤ ድምጿ ደረቀ። "በዓመቱ መጠጡ ተመልሶበት የለ? ያኔ ቀዶት እንደገና የሠራው መሆን አለበት። በሰያፍ የሚያልፈው ልጥ እንዴት እንደተጣመመ አይታይዎትም... ይቅርታ።"

"ግድ የለም፣ ይታየኛል።"

"ወንድሜ ባሪ ከቀብሩ ጀምሮ 'ለሰካራም ምን ታለቅሻለሽ' ይለኛል። እኔ አምስቱን ወንበር እያሳየሁ እከራከረዋለሁ፣ እሱ ይህን አንዱን እያሳየ ያሸንፈኛል። ስለዚህ ይቃጠልልኝ። ስድስቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ።"

 የክላይቭ ጣቶች ሰያፉን መስመር ተከትለው ከጥግ እስከ ጥግ ሄዱ፣ ተመለሱ። ስህተቱን ያውቀዋል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው። ሰያፉ ልጥ በቁመቶቹ ሥር ገብቶ በአግድሞቹ ላይ ማለፍ ሲገባው፣ ሮይ ገልብጦታል። እንዲያ ሲሆን ልጡ ጥጉ ውስጥ ሸርተት ብሎ አይገባም፤ ጠርዝ ለጠርዝ እየተፋቀ ይኖርና አንድ ቀን ይበጠሳል። የከነከነው ግን ስህተቱ አልነበረም። ይህ መቀመጫ ከተቃጠለ፣ ሮይ በዕድሜው ከሁሉ ይልቅ የደከመበት ነገር የስካሩ ምስክር እንደሆነ ሊቀር ነው። 

"የሰካራም እጅ ቀዳዳ ይዘላል" አለ በመጨረሻ። "እዚህ ጠርዙ ዙሪያ ሰማንያ ቀዳዳ አለ። ይህ ሰው አንዱንም አልዘለለም። ስህተቱንም ቢሆን አንዴ ትክክል፣ አንዴ ስህተት አላደረገውም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ነው። በደንብ ያልተማረ ሰው ነው እንጂ የጠጣ ሰው አይደለም።"

"አባባ እኮ አምስት አሳምሮ ሠርቷል። እንዴት በስድስተኛው ያልተማረ ይሆናል?"

"ስድስተኛው ነው ማን አለሽ?"

"ታዲያ?"

"ከዚህ በላይ መናገር አልችልም። ቃል አለብኝ።" ትንሽ አሰበ። ለሮይ ቃል የገባው አልናገርም ብሎ እንጂ አላስነካም ብሎ አይደለም። "ነይ፣ ጣትሽን አምጪ።"

ጣቷን ይዞ ከደህናው ወንበር ሥር አስገባው። "ቋጠሮው ወዴት ነው የዞረው?"

"ወደ ግራ።"

"የዚህኛውስ?"

"ወደ... ቀኝ።" ሌላም ነካች፣ ሌላም። ከዚያ እጇ ቆመ። ድምጿ ቢላዋውን ወደያዘው ግራ እጁ ሲዞር ክላይቭ ሰማ። "አባባ ቀኝ እጁን ነበር የሚጠቀመው" አለች ቀስ ብላ። "እርስዎ ግራኝ ነዎት።"

"ከተወለድኩ ጀምሮ።"

"አምስቱም?"

"እኔ ምንም አልነገርኩሽም።"

ግሌኒስ ደህናው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች፣ "ያ ውሸታም" ብላ፤ ሳቁ ግን አፏ ላይ ተበላሸ። መሐረብ ስትፈልግ ቆይታ፣ "እንግዳ ሲመጣ ደህናዎቹን ለእኛ ይሰጥና እሱ ሁልጊዜ ይህችን ይይዝ ነበር" አለች። "ለማንም አላስነካትም ይል ነበር፤ እኛ ያፍርባታል እንላለን።"

"እሷን የቀደዳት የእሱ ክብደት ነዋ።"

"ይህን አሮጌውን መቀመጫ እንዳያቃጥሉት፣ ለባሪ አሳየዋለሁ።"

"ዙሪያውን ቆርጬ በሙሉው አወጣልሻለሁ። አዲሱን እንዴት ላድርገው? በትክክል ከሆነ ለልጅ ልጅሽ ይተርፋል።"

"እንደ እሱ" አለች።

"ይፋቃል እኮ። ቶሎ ይበጠሳል።"

"እንደ እሱ ያድርጉት።"

"ሰው አይቶ ይስቅብኛል፣ ልጄ። ሥራዬ ነው።"

"የአባቴ ነው እላለሁ" አለች ግሌኒስ።

ክላይቭ አሮጌውን መቀመጫ በሙሉው ቆርጦ ሰጣት። ቁመቶቹንና አግድሞቹን በሦስት ቀን ጨረሰ። ሐሙስ ጠዋት ሰያፉ ላይ ደረሰ፣ ከባልዲው ረጅም እርጥብ ልጥ መዘዘ፣ የመጀመሪያውን አስገባ። ጣቶቹ እንደ ልማዳቸው በትክክለኛው መንገድ ሄደውለት ልጡ ድምፅ ሳያሰማ ሸርተት ብሎ ጥጉ ውስጥ ገባ። በጣም ያምር ነበር። እስከ መሃል ከሄደ በኋላ ቆመ፣ ሳበና አወጣው።

ገልብጦ ጀመረ። ልጡ በየመጋጠሚያው እየተፋቀ ገባ፤ ድምፁ ጥርሱን አስነከሰው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ወንበሩን ገለበጠና፣ ወስፌውን ከግራ እጁ ወደ ቀኙ አዛውሮ ቋጠረ። ቋጠሮው ወደ ቀኝ የዞረ፣ ወፍራምና የተንጋደደ ሆነ። ፈትቶ ሊያስተካክለው ዳዳውና ተወው።