ባሌን ያሳየው ቴሌቪዥን

ባሌ ዳኛቸው ፈሪ አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። በደርግ ጊዜ አስራ አንድ ወር ታስሮ የአንድ ሰው ስም እንኳ ያላወጣ ነው። ሎስ አንጀለስ ሰባት ዓመት ስንኖር የሚፈራው እኔ ስቆጣ ብቻ ነበር።

በርባንክ በሚባል ከተማ፣ ከአንድ የፊልም ስቱዲዮ አጠገብ፣ የሰው መኪና እየተቀበለ ፓርክ ያደርግ ነበር። አንድ ቀን ከስቱዲዮው ሰው መጥቶ “መልክህ ለፊልማችን ይሆናል” ብሎ ወሰደው። ቀይ ኮከብ ያለበት ቆብ አደረጉለት፣ ጠመንጃ አስያዙት፣ ሩጥ አሉት፣ ተኩሰው ጣሉት። አሟሟቱ አላምር ብሏቸው ሦስት ጊዜ ገደሉትና ሳንድዊች አብልተው ሸኙት። ቤት መጥቶ “ሸዋዬ፣ ከነሱ ሸሽቼ መጥቼ እዚህ እነሱን ሆኜ ሞትኩልሽ!” እያለ ሲስቅ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ።

ፊልሙ የወጣው በፈረንጆቹ 1988 ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ እኔ በማስተናግድበት ምግብ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ሰዎች ስለ ስደተኛ ይጨቃጨቃሉ። እዚያው ዝግጅቱ ላይ ከተቀመጠው ተመልካች ግማሹ ያጨበጭባል፣ ግማሹ ይጮኻል። ድንገት አንደኛው “የምናስገባቸውን እዩ!” ሲል የዳኛቸው ፊት ከነጠመንጃው ስክሪኑን ሞላው። ፊልም ነው የሚል ጽሑፍ የለበትም። ተከራካሪውም ቢሆን “ኧረ ይኼ ትወና ነው” አላለም። “ይህን ምስኪን እዚህ ያደረሰው የእናንተ ጦርነት ነው!” ብሎ ጮኸ። ባሌ ለሁለቱም ተመቻቸው።

ዳኛቸው ጥግ ላይ ምሳውን እየበላ ነበር። ሳህኑን ገፋ አደረገው።

“ሸዋዬ፣ አለቀልኝ።”

“ምኑ ነው የሚያልቅልህ? ሾው እኮ ነው! ወሬ ነው!”

“ቴሌቪዥን መቼ ወሬ ያወራል? ቴሌቪዥን መንግሥት ነው። እኛ አገር እንዲህ ፊቱ ታይቶ ቤቱ የተመለሰ ሰው ታውቂያለሽ?”

አላውቅም። አንድ ቴሌቪዥንና አንድ መንግሥት ባለበት አገር የኖርን ሰዎች ነን፤ በዚያ መስኮት የወጣ ነገር አዋጅ ነበር። እዚህ ማንም ተነስቶ እንደሚለፈልፍበት ጭንቅላታችን ያውቃል፣ ሆዳችን ግን አያምንም።

ይህ ሁሉ የመጣው የአሜሪካ መንግሥት ለስደተኛ ያወጣው ምህረት ሊያበቃ አስር ቀን ሲቀረው ነው። ከ1982 በፊት ገብቶ ያለ ወረቀት የኖረ ሰው እስከ ሜይ አራት ፋይሉን ካስገባ መኖሪያ ፈቃድ ያገኛል፤ ካለፈው አለፈው ነው። የሁለታችንንም ፋይል አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ቀርቦ መፈረም ብቻ ነው የቀረን።

በማግስቱ የዘወትር ደንበኛው የሆነ ሰውዬ የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ነጥቆ “በቲቪ አይቼሃለሁ፤ ራሴ አቆመዋለሁ” አለው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዲት ሴትዮ አቅፋው “ስላደረግንባችሁ ሁሉ ይቅርታ” ብላ አለቀሰች። ባሌ ከሰውየው ይልቅ ሴትዮዋን ፈራት።

“ሰውዬው ኦኬ፣ ጠላኝ። እሷ ግን ምን ሊያደርጉኝ እንደሆነ ሰምታ ነው የምታለቅሰው” አለኝ።

“እባብ ያየ በልጥ በረየ!” ብዬ ጮኽሁበት። ስድብም ጨመርኩ። እሱ ግን ሥራ መሄድ ተወ፣ መጋረጃ መግለጥ ተወ። በር ሲንኳኳ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንውጥ ጀመር። የኔን ፍርሃት ግን ለማንም አልነገርኩም።

ሜይ አራት ፋይል ወደሚቀበለው ቢሮ እየጎተትኩ ወሰድኩት። ሰልፉ ከሕንፃው ወጥቶ መንገዱን ዞሯል። ከአራት ሰዓት በላይ ቆመን፣ ሊዘጉ ሲቃረቡ ወደ ውስጥ ገባን። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ዳኛቸውን አየው፤ ደግሞም ትኩር ብሎ አየው።

“አንተን ቴሌቪዥን ላይ አይቼሃለሁ” አለው። ፈገግ ብሎ ይሁን አፉን አጣሞ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

ዳኛቸው ፋይሉን እጄ ላይ አድርጎ “ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ” አለኝና በገባንበት በር ወጣ።

መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ስሙን ጠራች። ደግማ ጠራች። “ራሱ ቀርቦ ይፈርማል፤ ነገ አንቀበልም!” አለች። ጥበቃው ወደ እኔ መጣ።

“ያ ሰውዬ ባልሽ ነው?”

አዎ ባሌ ነው፣ የሠራው ፊልም ነው፣ አንድ ጊዜ ጠብቁኝ ሮጬ ላምጣው፤ ይህን ማለት ነበረብኝ። እንግሊዝኛው አልጠፋኝም። አስር ቀን ሙሉ ስሰድበው የከረምኩት ፍርሃት እኔኑ ያዘኝ። የኔም ፊት ከሱ ፊት ጎን ስክሪኑ ላይ ታየኝ።

“አላውቀውም” አልኩ። “ሰልፍ ላይ ነው የተገናኘነው።”

የባል ስም የማንይዝ ሰዎች ነንና የሚጠራጠረኝ አልነበረም። ቀጥሎ የተጠራው የኔ ስም ነው። የሱን ፋይል ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ ሄጄ ፈረምኩ።

ቤት ስደርስ ቢሮው ተዘግቷል። ዳኛቸው መጋረጃውን ጋርዶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

“ስለኔ ጠየቁሽ?” አለኝ።

“ማንም አልጠየቀኝም” አልኩት።

“ተመስገን” አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።